«መጀመሪያ ስፔሻሊቲ ነው ወይስ ፒኤችዲ?» ከአዳማ ለጻፉልን ሐኪም

የደረሰን ደብዳቤ አጥሮ ይህን ይመስላል፦

«አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ዕድሜዬ 28 ነው። ከአርሲና ከባሌ ምግብ አልወርድ ብሏቸው የሚመጡ ሰዎች በየሳምንቱ አያለሁ። ብዙዎቹ እኛ ጋ ሲደርሱ የሚወርድላቸው ውሃ ብቻ ነው። ባዮፕሲው ‹ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ› ተብሎ ይመለሳል፣ እኔም ሪፈር እጽፋለሁ። ሪፈር ስጽፍ መኖር አልፈልግም። አዲስ የካንሰር ሕክምና የሚመራመር ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ስፔሻሊቲ ነው ወይስ ፒኤችዲ? ከአገር ሳልወጣ ይሆናል? ሰፈራችን ውስጥ ሰው የሚምልበት የባህል መድኃኒት አለ፤ እሱን ላብራቶሪ ወስጄ ባስመረምረውስ? እናቴ ደግሞ ‹አሁንም ትምህርት? አልጨረስሽም እንዴ?› ትለኛለች፤ የሁለት ታናናሾቼን የትምህርት ወጪ የምችለው እኔ ነኝ። ዶ/ር ሰ.»

ውድ ዶክተር ሰ.፣

አራት ጥያቄ ጠይቀውናል። አራቱም ግን የተንጠለጠሉት በቀጥታ ባልጠየቁት በአምስተኛው ላይ ነው፦ የሚመራመሩት ምኑን ነው? «የካንሰር ሕክምና» ብቻውን ርዕስ አይሆንም። ይህን ሳይለይ ፒኤችዲ የገባ ሐኪም አማካሪው በጀመረው ፕሮጀክት ውስጥ የጎደለውን ቦታ ሞልቶ ይመረቃል። ዲግሪውን ያገኛል፤ የራሱ የሆነ ጥያቄ ግን ስለሌለው በስሙ የምርምር ገንዘብ የሚጠይቅበት ቀን ሲመጣ የሚጽፈው ያጣል። ደስ ያለን ነገር፣ እርስዎ ልብ ሳይሉት ጥያቄውን ደብዳቤዎ ውስጥ አስፍረውታል። ውሃ ብቻ እየወረደላቸው ከአርሲና ከባሌ የሚመጡት ሰዎች ናቸው ጥያቄዎ።

እንዴት? ቀዶ ሕክምና ለሚቻልበት የምግብ ቧንቧ ካንሰር በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው ሕክምናዎች አንዱ ኔዘርላንድ ውስጥ በተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ክሮስ በተባለው ጥናት የተፈተነው ነው። ለአምስት ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ ፓክሊታክሴል የተባለው የኬሞ መድኃኒት በሰውነት ገጽ ስፋት በስኩዌር ሜትር 50 ሚሊግራም፣ ካርቦፕላቲን ከተባለ ሌላ የኬሞ መድኃኒት ጋር ይሰጣል፤ ጎን ለጎን በ23 ዙር የተከፋፈለ 41.4 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር አለ፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምናው ይከተላል። ቀዶ ሕክምና ብቻ ካገኙት መካከል ግማሾቹ በሕይወት የቆዩት እስከ 24 ወር ሲሆን፣ ቅድመ ሕክምናውን ባገኙት ዘንድ ይህ 49 ወር ደረሰ። አሁን ዝርዝሩን ቀረብ ብለው ይዩት። ከ366ቱ ታካሚዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አዴኖካርሲኖማ የተባለው ሌላ የካንሰር ዓይነት ነበረባቸው፤ የእርስዎ ታካሚዎች ያለባቸው የስኳመስ ዓይነት ሩቡን እንኳ አልሞላም። ሆኖም በረጅሙ ክትትል ይበልጥ የተጠቀሙት እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ 21.1 ወር የነበረው 81.6 ወር ሆነ። ይህ ለአርሲና ለባሌ ሰው ትልቅ ተስፋ ነው። እንቅፋቱ የመግቢያ መስፈርቱ ላይ አለ፦ ከሰውነቱ ክብደት ከ10 በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው ጥናቱ ውስጥ እንዲገባ አልተፈቀደም። ለወራት ከአጥሚት በቀር ምንም ያልወረደለት ሰው ደግሞ ይህን መስፈርት ያልፋል ተብሎ አይጠበቅም።

እንግዲህ ጥያቄዎ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ክብደት የቀነሰ ሰው መጀመሪያ በጀጁኖስቶሚ (በሆድ በኩል በቀጥታ ወደ ትንሹ አንጀት በሚገባ) ቱቦ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ቢመገብ፣ ኬሞውንና ጨረሩን ሳያቋርጥ መጨረስ ይችላል? ስንቱስ ይችላል? መጠኑ ቢቀነስለት? ይህን መጠየቅ የሚችለው እንዲህ ያለውን ታካሚ በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ነው። አዲስ ሕክምና ሲባል አዲስ ሞለኪውል ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አዲስ ቅደም ተከተል፣ አዲስ መጠን፣ ነባሩን ሕክምና ተከልክሎበት ለነበረ ሰው ማድረስ፣ ይህም ሁሉ በወጉ በተሠራ ሙከራ የሚፈተን አዲስ ሕክምና ነው።

ሙከራውን ዛሬ መጀመር አይችሉም፤ አይገባዎትምም። በሚቀጥለው አንድ ዓመት አዳማ ላይ ሆነው የሚሠሩት ግን አለ፤ ያለ እሱ ሙከራው ከቶ አይታሰብም። እሱም ተከታታይ የታካሚዎች መዝገብ ነው። ከተወሰነ ቀን ጀምሮ በኢንዶስኮፒ (በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ) ዕጢ የታየበትን እያንዳንዱን ሰው፣ አንድም ሳይዘልሉ፣ 100 እስኪሞላ ይመዘግባሉ። «ሳይዘልሉ» ያልነው በምክንያት ነው። ሥራ በሚበዛበት ቀን የመጡትን፣ በጣም የደከሙትንና ወዲያው ወደ ቤት የተመለሱትን ከዘለሉ፣ መዝገቡ ላይ የሚቀሩት ደህና ደህናዎቹ ብቻ ይሆኑና ውጤቱ ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል። 100 ሰው ምን ያህል ይናገራል? ግማሹ ጨረር ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ሳይደርስ ቀረ ቢባል፣ እውነተኛው ቁጥር ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ነው ማለት ይችላሉ። ስፋቱን ወደ 5 ነጥብ ግራና ቀኝ ለማጥበብ 384 ሰው ያስፈልጋል፤ ያ የብዙ ዓመት ወይም የብዙ ሆስፒታል ሥራ ስለሆነ ለጊዜው ይቆይ።

ፎርሙ ከ25 ጥያቄ አይበልጥ። 80 ጥያቄ ያለው ፎርም ከሌሊት ዲዩቲ በኋላ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ የትኛው ግማሽ ባዶ እንደሚሆን ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ወረዳ፣ ሕመሙ የጀመረበት ጊዜ፣ መጀመሪያ ጤና ተቋም የሄዱበት፣ ኢንዶስኮፒ የተሠራበትና የፓቶሎጂ ውጤት የደረሰበት ቀን፣ የኢኮግ ደረጃ (የታካሚው የዕለት ተዕለት አቅም መለኪያ)፣ የፓቶሎጂው ውጤት፣ ወዴት እንደተላኩ፣ መድረሳቸው፣ ያገኙት ሕክምና፣ በ30ኛው፣ በ90ኛውና በ180ኛው ቀን በሕይወት መኖራቸው። የመዋጥ ችግርን በቃላት አይጻፉት፤ ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ ይጻፉት። 0 ሁሉን መብላት ነው። 1 ጠጣር ምግብ አንዳንዴ ሲያቅት፣ 2 እንደ ገንፎ ያለ ለስላሳ ብቻ ሲወርድ፣ 3 ፈሳሽ ብቻ ሲወርድ፣ 4 ምራቅ እንኳ አልወርድ ሲል ነው።

ሦስት ነገር ላይ በርካታ ጥናቶች ሲበላሹ ይታያል።

የመጀመሪያው ክብደት ነው። «ድሮ ስንት ኪሎ ነበሩ?» ብለው ቢጠይቁ አብዛኛው ገበሬ ተመዝኖ አያውቅም፤ ከይሉኝታ የተነሳ የሚነግርዎት ቁጥር ደግሞ ለስሌት አይሆንም። የድሮውን ክብደት በካርድ ላይ ካገኙ ብቻ ይመዝግቡ፤ ካላገኙ «አይታወቅም» ይበሉ። በምትኩ ቁመት፣ የዛሬ ክብደትና የላይኛው ክንድ ዙሪያ በሜትር ይለኩ። ሚዛኑ ሁልጊዜ ያው አንዱ ይሁን፤ በየሰኞው ክብደቱ በሚታወቅ ነገር ይፈትሹት።

ሁለተኛው ቀን ነው። ታካሚው ወሩን በቁጥር አይነግርዎትም፤ «ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ?»፣ «ረመዳን ላይ ምግብ ይወርድልዎ ነበር?»፣ «ገብሱ ሲታጨድ?» ብለው ይጠይቁ። የሰሙትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ፤ ወደ አውሮፓ የሚለወጠው በመጨረሻ፣ በኮምፒውተር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሁን። የካርድ ክፍሉ በአንዱ፣ የፓቶሎጂ ወረቀቱ በሌላው አቆጣጠር ሲሆንና ሁለቱ ሲደባለቁ፣ ውጤቱ ከባዮፕሲው በፊት የደረሰለት ታካሚ ይገኛል። ይህ ስሕተት ጳጉሜን ላይ በጣም ይበዛል።

ሦስተኛው ክትትል ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው እሱ ነው። ከ100 ሰው 40ው የት እንደደረሰ ካልታወቀ ጥናቱ ስለ ሕክምናው ምንም አይናገርም። ሦስት ስልክ ይያዙ፦ የታካሚውን፣ አብሮ የመጣውን ልጅ ወይም ወንድም፣ እና የጎረቤት ወይም የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ሦስቱንም ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ ይደውሉባቸው። አንዱ ቁጥር የማይሠራ መሆኑ በሦስተኛው ወር ከሚታወቅ ያኔውኑ ቢታወቅ ይሻላል። ሞቶ ከሆነ ቤተሰቡን በለቅሶው ሳምንት አይጠይቁ፤ ቢያንስ ከአርባው በኋላ ይደውሉ፤ መጀመሪያም «ነፍስ ይማር» ብለው ይጀምሩ። ይህ የጨዋነት ጉዳይ መሆኑ ባይጠፋንም የመረጃ ጥራት ጉዳይም ነው፤ በክብር የተጠየቀ ቤተሰብ የሞተበትን ቀን በትክክል ይነግራል።

ስለ ናሙናው ሰፋ አድርገን እንንገርዎት፤ ምክንያቱም አገራችን ውስጥ ብዙ የካንሰር ምርምር የሚሞተው ላብራቶሪ ከመድረሱ በፊት፣ ናሙና እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ፣ በፎርማሊኑ ዕቃ ውስጥ ነው። ዛሬ ያስቀመጡት የፓራፊን ብሎክ (ናሙናው በሰም ተይዞ የሚቀመጥበት) ከስምንት ዓመት በኋላ የእርስዎ የፒኤችዲ ሥራ ሊሆን ይችላል። ኢንዶስኮፒ ከሚሠራው ሲኒየር ጋር ተነጋግረው ቢያንስ ስድስት ቁራጭ እንዲወሰድ ይስማሙ፤ ከሁለት ቁራጭ አንዱ የሞተ ሥጋ ብቻ ሆኖ ቢገኝ ታካሚው ዳግም ከባሌ መምጣት አለበት። ቁራጩ በተወሰደ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ ከአንድ ሰዓት ሳያልፍ፣ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። የፎርማሊኑ መጠን የናሙናውን ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ፎርማሊን ሲባል ከጠርሙስ የመጣውን በውሃ አቅጥኖ መጠቀም በቂ አይደለም፦ ለአንድ ሊትር፣ 100 ሚሊ ሊትር የ37 በመቶ ፎርማልዴሃይድ፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት። ጨዎቹ ከሌሉ ፈሳሹ ቀስ በቀስ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የጂን ምርመራ የሚባል ነገር አይሞከርም። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ የሚቆየው ከ6 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት ነው። ዓርብ ከሰዓት የተወሰደ ባዮፕሲ ሰኞ ጠዋት ፓቶሎጂ መድረስ አለበት፤ ረጅም የበዓል ዕረፍት ካለ ይህን አስቀድመው ያስቡበት። ስም የሚለጠፈው በዕቃው አካል ላይ ነው፤ ክዳን ላይ የተጻፈ ስም ክዳኑ ሲቀያየር አብሮ ይቀያየራል።

የመጀመሪያው ታካሚ ከመመዝገቡ በፊት፣ ካርድ ብቻ የሚያገላብጡ ቢሆን እንኳ፣ አይአርቢ የሚባለው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በእጅዎ መኖር አለበት። በኋላ የመጣ ፈቃድ ቀድሞ ለተሰበሰበው አይሠራም፤ መጽሔቶችም ቁጥሩንና ቀኑን ይጠይቃሉ። ብሎኩ ለወደፊት ምርምር እንዲቀመጥ ከፈለጉ ይህ በስምምነት ቅጹ ላይ ራሱን የቻለ ጥያቄ ይሁን፤ ታካሚው ለመዝገቡ እሺ ብሎ ለብሎኩ እምቢ ማለት ይችል ዘንድ። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትና የሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማን ባለቤት እንደሆነ፣ ከሥራው በኋላ የተረፈው የት እንደሚሄድና ጽሑፉ ላይ ማን እንደሚሰፍር ስምምነቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። መጀመሪያ ስፔሻሊቲ ይግቡ። ይህን የምንለው በእርግጠኝነት ነው። አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ለመሞከር ኃላፊነት የሚወስደው፣ ታካሚው ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው መድኃኒቱ ነው ወይስ በሽታው ብሎ የሚወስነው፣ ያንን ካንሰር የማከም ብቃት ያለው ሐኪም ነው። ፒኤችዲ ቀድመው ቢሠሩ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የአራት ዓመት ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ላብራቶሪውን ያስረሳዎታል፤ የተማሩት ዘዴም ሲመለሱ አርጅቶ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ አገር አቀፉን የሬዚደንሲ ፈተና ይዘጋጁ። በጥቁር አንበሳ የሚሰጠው የክሊኒካል ኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና) ሥልጠና አራት ዓመት ነው፤ ኬሞውንም ጨረሩንም የሚያስተምር በመሆኑ ለእርስዎ ጥያቄ በትክክል ይገጥማል። ሌላው መንገድ ውስጥ ደዌ ተምሮ ከዚያ ወደ ኦንኮሎጂ መግባት ነው። ብዙ ሰው ትኩረት የማይሰጠው ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ፓቶሎጂ። ብሎኩን የሚያነብ፣ የትኛው ታካሚ የትኛው ዓይነት ዕጢ እንዳለበት የሚለይ ተመራማሪ ፓቶሎጂስት ከሌለ የቀረነው ሁሉ ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንሠራው። ሰው ማከም ባይቀርብኝ ካሉ ኦንኮሎጂ ይሁን፤ ማይክሮስኮፕ ደስ የሚልዎት ከሆነ ግን ያስቡበት።

ሬዚደንቶች ለመመረቂያ ጥናት ይሠራሉ። ብዙዎች ርዕስ የሚፈልጉት ጊዜው ሲደርስ፣ በጭንቀት ነው። እርስዎ የአዳማውን መዝገብ ይዘው ከገቡ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሁለተኛውን ምዕራፍ መጻፍ ይችላሉ፦ እነዚያ የላክናቸው ሰዎች ደርሰው ምን ሆኑ? በነዚሁ ዓመታት ጉድ ክሊኒካል ፕራክቲስ የሚባለውን የሙከራ አካሄድ ሥልጠና ይውሰዱ፤ በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል፣ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ይፈልጋል፣ የምስክር ወረቀቱ ደግሞ በማንኛውም ሙከራ ላይ ለመሳተፍ ይጠየቃል። አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይልመዱ፤ እሱም ነጻ ነው። ስታቲስቲክስ ለሌላ ሰው ከፍሎ ማሠራት እንደ ልማድ ተይዟል፤ አይልመዱት። የራሱን ሠንጠረዥ መመርመር የማይችል ተመራማሪ የሌላውን ስሕተት በራሱ ስም ያትማል።

ከስፔሻሊቲ በኋላ ፒኤችዲ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመድኃኒት ግኝትና ለሕክምና ሙከራ የተቋቋመው ሲዲቲ አፍሪካ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋምም አለ። ሁለቱንም ሄደው ይዩ። ከሁሉም የሚሻለው ምዝገባው እዚህ ሆኖ ለላብራቶሪው ሥራ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውጭ የሚቆዩበት ዓይነት ነው፤ ታካሚዎችዎና ጥያቄዎ እዚህ ስለሆኑ። ሰው መምረጥ ከተቋም መምረጥ ይበልጣል። አማካሪ ሊሆንዎት የሚችለውን ሰው ሳይሆን ተማሪዎቹን ያነጋግሩ፦ ስንት ዓመት ፈጀባችሁ? የመጀመሪያ ጸሐፊ የሆናችሁት በስንቱ ጽሑፍ ነው? ረቂቅ ስትልኩለት በስንት ቀን ይመልሳል? ረቂቅ ለሦስት ወር የሚያስቀምጥ አማካሪ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን አይሆንዎትም።

ይህ ሁሉ ሲደማመር ዝግጅት አንድ ዓመት፣ ሬዚደንሲ አራት፣ ፒኤችዲ አራት፤ 37 ዓመት ይሞላዎታል። ረጅም መሆኑን አንሸፍንም። ሌላውም ዓለም ከዚህ አያጥርም፤ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ተመራማሪ የመጀመሪያውን ትልቅ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ምን ይመስላል? አንድ አዲስ መድኃኒት መጀመሪያ ሰው ላይ ሲሞከር ሦስት ታካሚ በዝቅተኛው መጠን ይጀምራል። ማንም ከባድ ጉዳት ካልደረሰበት ሌሎች ሦስት በሚቀጥለው መጠን ይገባሉ። ከሦስቱ አንዱ ከተጎዳ በዚያው መጠን ሦስት ይጨመራሉ፤ ሁለት ከተጎዱ እዚያ ላይ ይቆማል፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ይባላል። ይህን በየአልጋው የሚከታተለው ሐኪም ተመራማሪው ነው። አንዳንዴ ደስታው ልክ የለውም፦ ብራያን ድሩከር የተባለው ኦንኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1998 ኢማቲኒብን በደም ካንሰር ታካሚዎች ላይ ሲሞክር፣ በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ካገኙት 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማው ተመለሰ፤ መድኃኒቱም በ2001 ጸደቀ። ነገር ግን በዚህ መንገድ ወደ ሰው ሙከራ ከሚገቡ የካንሰር መድኃኒቶች እስከ መጽደቅ የሚደርሱት ከ100 አምስት ያህሉ ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው የሥራ ዘመንዎ የማይሠራ ነገር በትክክል አለመሥራቱን ማሳየት ይሆናል። ይህን ሲያነቡ ልብዎ ከቀዘቀዘ ጎበዝ ኦንኮሎጂስት መሆን በራሱ ምሉዕ ሕይወት ነው፤ አገሪቱም አጥብቃ ትፈልገዋለች።

የባህል መድኃኒቱን በተመለከተ፣ የሚስቁብዎት ሰዎች ተሳስተዋል፤ ነገ መድኃኒት ይሆናል የሚሉዎትም እንዲሁ። አጣጥን ያውቁታል፤ ቁጥቋጦው በየደጋውና ወይና ደጋው አለ። ከአጣጥ ወገን ከሆነና ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ተክል እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካዊው ኬሚስት የኩፕቻን ቡድን ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጣ። ሴሉ ሊከፈል ሲል የሚዘረጋቸውን ክሮች ስለሚያፈርስ በጥቂት መጠን የካንሰር ሴል ይገድላል። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ወደቀ፤ ሆድ ዕቃንና ነርቭን ጎዳ፣ ጥቅሙም አነሰ። ለምን? ካንሰሩን ከጤናማው ሴል አይለይም ነበር። የዳነው ሌሎች ተመራማሪዎች የእሱን ዝርያ ኸር ቱ ከሚባለው የጡት ካንሰር ምልክት ጋር በሚጣበቅ አንቲቦዲ ላይ ሲጭኑት ነው፤ በአንድ አንቲቦዲ ላይ በአማካይ 3.5 ሞለኪውል። በ991 ታካሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ከ25.1 ወር ወደ 30.9 ወር ከፍ አለ፤ በ2013ም ጸደቀ። ከተክሉ እስከ ታካሚው 41 ዓመት።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር ይህ ነው። የቅጠል ጭማቂ ሳህን ውስጥ ያሉ የካንሰር ሴሎችን ገደለ ማለት ገና ምንም ማለት አይደለም፤ በረኪናም ይገድላቸዋል። ጎን ለጎን ጤናማ ሴል መፈተን አለበት፤ ካንሰሩን የሚገድለው መጠን ጤናማውን ከሚገድለው በብዙ እጥፍ ካላነሰ እዚያው ያቁሙ። ተክሉ በዕፅዋት ባለሙያ ስሙ ተረጋግጦ ናሙናው በሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ይቀመጥ፤ ያለዚያ ሥራውን ማንም ሊደግመው አይችልም። ሴሎቹ የተባሉት ሴሎች መሆናቸው በዲኤንኤ ይረጋገጥ፣ ሴሎችን የሚበክለው ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያም ይፈተሽ። እርስዎ ብቻዎን አይጀምሩት፤ የኬሚስቶች ሥራ ነው። በቅርብዎ ያለው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ኬሚስትሪና የተግባራዊ ባዮሎጂ ክፍሎች አሉት፤ ሄደው ፍላጎት ያለው ሰው ይፈልጉ። እውቀቱን የሰጠዎትን አዋቂ ስም ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ስምምነት ውስጥ ያስገቡ። ለታካሚ ግን አይስጡት፤ አንዴም ቢሆን።

ውጭ ስለመሄድ ባጭሩ፦ አሜሪካ ሕክምናና ፒኤችዲን አጣምሮ የሚያስተምረው የመንግሥት ፕሮግራም በአብዛኛው ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው፤ ስለዚህ የሚቀረው በፈተና ገብቶ ሬዚደንሲውን እዚያ መጀመር ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ ደዌ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ኦንኮሎጂ፣ ምርምሩም ሲጨመር እዚህ ካሰላነው አይቀንስም፤ የአርሲው ጥያቄዎ ግን እጅዎ ላይ አይቆይም። ስፔሻሊስት ከሆኑ በኋላ ለአጭር ጊዜ መሄድ ይሻላል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ቁጥጥር ኅብረት የአንድ ወር ያህል የሥልጠና ድጋፍ፣ የአሜሪካው የኦንኮሎጂስቶች ማኅበር ደግሞ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ወጣት ኦንኮሎጂስቶች የሚሰጠው ሽልማት አላቸው። የለንደኑ ሃይጂንና ትሮፒካል ሜዲስን ትምህርት ቤት የሕክምና ሙከራ ማስተርስ ዲግሪ በርቀት ይሰጣል፤ ከአዳማ ሳይነሱ ይማሩታል። ክፍያው ውድ ነው፤ ስኮላርሺፕ ሳያገኙ አይግቡበት።

እናትዎ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ቁጥር ይዘው ይመልሱላቸው። ሬዚደንት ሲሆኑ ስፖንሰር ያደረገዎት ተቋም ደሞዝ ይቀጥላል፤ የሚቀረው የግል ክሊኒክ ተጨማሪ ገቢ ነው፣ የሚጨመረው ደግሞ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ። እነዚህን ሁለቱን በብር ጽፈው ያስቀምጧቸው። ታናናሾችዎ የሚመረቁበትን ዓመት ከጎኑ ይጻፉ። ከሁለቱ አንዱ በዓመት ውስጥ የሚጨርስ ከሆነ ሬዚደንሲውን በአንድ ዓመት ማዘግየት ምንም አያጎድልብዎትም፤ መዝገቡ ያንን ዓመት ይሞላዋል። የስፖንሰርሺፑን ውል ደግሞ ሳይፈርሙ ያንብቡ፦ ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት ማገልገል ይጠበቅብዎታል? በዚያ ጊዜ ፒኤችዲ መመዝገብ ይፈቀዳል? ከተቻለ በሳምንት አንድ ሙሉ የምርምር ቀን በጽሑፍ ያስገቡበት። ሁለት ግማሽ ቀን አይሁን፤ ግማሽ ቀን በድንገተኛ ታካሚ ይበላል።

አሁን ለመጀመር የሚያስፈልግዎት የሁለት ገጽ ሐሳብ ነው፤ ያንን ይዘው ኢንዶስኮፒ የሚሠራውን ሲኒየርና ፓቶሎጂስቱን ያነጋግሩ። ሁለቱ እሺ ካሉ ፕሮቶኮሉን ለኮሚቴው ያስገቡ። የስምምነት ቅጹን በአማርኛ ጽፈው ወደ አፋን ኦሮሞ ያስተርጉሙ፤ ከዚያ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ከአፋን ኦሮሞው ወደ አማርኛ ይመልሰውና ሁለቱን ያስተያዩ። «ናሙና» የሚለው ቃል «ደም መሸጥ» ሆኖ እንዳይሰማ፣ ከአርሲ ለመጡ አምስት አስታማሚዎች ጮክ ብሎ ይነበብላቸውና የገባቸውን በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገሩዎት።